ሦስተኛው ረድፍ

አጅማን፣ ሌሊቱ ሳይለቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣
ሾፌሩ ጉልዛር መስተዋት ሲወለውል፣
ዴቪካ ከኋላ ወንበር ትጠራኛለች፣
ደብተሯን ጭኔ ላይ ትዘረጋለች፦
«አንቲ፣ ጠይቂኝ። ዛሬ ፈተና አለኝ።»

እኔ ቀበቶ አሳሪ፣ ቦርሳ ተቀባይ፣ ራስ ቆጣሪ፣
ከዘጠነኛ ክፍል የወጣሁ፣ ዛሬ የልጅ ተማሪ፣
ጣቴን በግሶቹ ሰንጠረዥ ላይ አስኬዳለሁ።
«ቴክ» እላለሁ። «ቱክ፣ ቴክን» ትላለች።
«ብሬክ።» «ብሮክ፣ ብሮክን።»
«ሃይድ።» «ሂድ፣ ሂድን።»
ሳቄ አመለጠኝ። በኛ አፍ «ሂድ» ማለት
ካይኔ ጥፋ ነው፤ በነሱ፣ ደበቀ ማለት።
ሳስበው ግን ብዙም አይራራቁ፦
ሂጂ የተባሉ ናቸው ተደብቀው የቀሩ።

ይህ ሦስተኛው ረድፍ ለብቻው አይቆምም።
ዛሬ አይል፣ ትናንት አይል፤
ፊቱ «ዋዝ» ካልቆመ፣ «ሃዝ ቢን» ካልመራው፣
«ጌት» ደግፎ ካላነሳው፣ አይነቃነቅም።
«ረዳት ግስ ይባላል» አለችኝ ዴቪካ።
ከፊል ነዋ! አልኩ በልቤ፤ እንደኛው ነው ለካ፣
ያለ ከፊል አንድ እርምጃ የማይራመድ፣
ራሱም ከፊል፣ ግማሽ ሆኖ የሚኖር ዘመድ።

ከኋላው ደግሞ ጭራ አለው፦ «ባይ»፣ «ኢን»፣ «ፍሮም»፣ «ዊዝ»።
የኛ «በ» እና «ከ» ከስም ደረት ተለጥፈው ያድራሉ፣
የነሱ በየፌርማታው ለብቻቸው ይቆማሉ።
እኛ ግሱን ለመጨረሻ እናቆየዋለን፣
በማን፣ በምን፣ የት፣ ሁሉን ዘርዝረን፤
እነሱ የሆነውን ቶሎ ይሉና
ያደረገውን ሰው በጭራ ያስከትላሉ።
ከፈለጉ።

«ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን» ብላ ነጥብ አኖረች።
«በማን?» አልኳት።
«ባዩ ግዴታ አይደለም፤ ቲቸር ነግራናለች።
ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ አንቲ።»
ሙሉ ነው። መስኮቱ ተሰብሯል፣
ሰባሪው የለም፣ ጠጠሩ የለም፣
እኔ ነኝ ባይ የለም።

ቅዳሜ ከጦይባ ጋር ታይፕ ቤት ሄድን፣
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ኤሲው ባልዲ ላይ የሚያንጠባጥብበት።
የሰባት ወር ደሞዝ፣ አንድ ፓስፖርት።
ጸሐፊው ራፊቅ ቀና ሳይል መታው፦
ፓስፖርቷ ተወስዷል። ደሞዟ ተይዟል።
በትከሻው በኩል ፊደል በፊደል አነበብኩ።
«ቴክን» አለ፣ አወቅኩት። «ሄልድ» አለ፣ አወቅኩት።
ጭራው የለም።

«ባይ ጨምርበት» አልኩት።
«እህቴ፣ ሙሉ ነው። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።»
«ሁሉም የሚያውቀው አይደል ሳይጻፍ የሚቀር?»
«አዲስ መስመር ይገባል። ሁለት ድርሃም።»
ከመመለሻችን ላይ ቆጥሬ አስቀመጥኩለት።
መታው፦ «ባይ ሚስተር ናዲም»።
ጦይባ እንግሊዝኛ አታነብም። «ምን ገዛሽ?» አለችኝ።
«ጭራ» አልኳት። በእግራችን ተመለስን።

ማታ ወንድሜ ከከሚሴ ድምፅ ላከ፦
«የላክሽው ብር ገብቷል፣ ቆርቆሮው ተገዝቷል፣
የወንዙ ዳር ማሳ ግን… ያው… ተሸጧል።»
ተሸጧል። በኛም አንዲት «ተ» ትበቃለች፣
ሙሉ ሰው ከነጫማው ትውጣለች።
«በማን?» ብዬ ላክሁ።
ሁለት ሰማያዊ ምልክት። ሌላ ምንም።

ሰኞ ዴቪካ ወረቀቷን አጥፋ ወጣች።
ከሃያ አሥራ ዘጠኝ፤ ከንፈሯን ጥላለች።
መስኮቱ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣
«ባይ ማይ ብራዘር» ብላ ቀጥላበታለች፤
ቲቸር በቀይ ሰርዛዋለች።

«አንድ ነጥብ ተቀነሰብኝ» አለች ቀበቶዋን ሳስርላት።
ትንሽ ቆየች፣ እስከ አደባባዩ ድረስ።
ከዚያ ዞር ብላ፣ ጭራውን ጨመረችው፦
«ባንቺ።»